ካድሬው የተባልኩበት ሱሪ

ሱሪዬ የተቀደደው ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አደባባይ አጠገብ፣ ሳይክል ላይ እያለሁ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ከመቀመጫው ጀምሮ ወደ ታች ሄደ፤ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከኋላዬ የነበረው የባጃጅ ሹፌር አንዴ ጥሩምባ ነፋ፤ ከዚያ ጎኔ ደረሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ቤትህ ሩቅ ነው?» አለኝ። ሩቅ ነበር። ቦርሳዬን ወደ ኋላ አንጠልጥዬ፣ ሳይክሌን እየገፋሁ፣ በዘንባባዎቹ ሥር አጥር አጥሩን ይዤ እስከ ሰፈራችን ሽምብጥ ሄድኩ። የማውቀው ሰው ሁሉ ያን ቀን ከቤቱ የወጣ መሰለኝ።

ይህን የማነሳው አሁን በዚያ ዕድሜ ላይ ያላችሁ ልጆች፣ እኔ ሁለት ዓመት የፈጀብኝን ነገር በአንድ ሱሪ ዋጋ እንድታልፉት ብዬ ነው።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፣ ፖሊ ግቢ፣ የቀድሞው ፖሊቴክኒክ። አምስት ጓደኛሞች ነበርን፤ አብረን እናጠናለን፣ አብረን እንበላለን፣ ማታ ማታ ጣና ዳር ወርደን ስፕሪስ እንጠጣለን። አራቱ ከእግር ጋር የተጣበቀ፣ ጉልበቱ የተቦጫጨቀ ጅንስ ከነጭ ስኒከር ጋር መልበስ ጀመሩ። ማንም «አንተም ግዛ» አላለኝም። የሆነው እንዲህ ነው፦ አንድ ቀን እማዬ ከሰልባጅ ተራ የገዛችልኝን ቡናማ ጫማ አድርጌ ካፌ ስደርስ አንዱ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ይሄ ጫማ ከጣሊያን ጋር ነው የመጣው?» አለ። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ። በሳምንቱ ከእህቴ ብር ተበድሬ ጅንሱንም ስኒከሩንም ገዛሁ።

ስለ ጓደኛ ግፊት ሲመከር ሁልጊዜ አንድ መጥፎ ልጅ አይጠፋም፤ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር» የሚለው ተረት ካልተጨመረበት ምክሩም አያልቅም። የእኔ ጓደኞች አህያ አልነበሩም። ታይፎይድ ጥሎኝ በነበረ ጊዜ ተራ ገብተው ያስታመሙኝ፣ ያመለጠኝን ትምህርት በእጃቸው ገልብጠው ያመጡልኝ ልጆች ናቸው። ነገሩን ለማየት የዘገየሁትም ለዚህ ይመስለኛል። ክፉ ሰው ቢገፋህ መልሰህ ትገፋዋለህ፤ የሚወድህ ሰው ሲስቅብህ ከማን ጋር ትጣላለህ?

ትልልቆቹ «ይሉኝታ ነው» ይሉታል። እኔ ግን ይሉኝታና ሙድ መያዝ፣ ማለትም በሰው መሳቅ፣ አንድ አይመስሉኝም። ይሉኝታ ሰው ቤት ሄደህ እንዳትሰገበገብ፣ የተቸገረ ጎረቤት እያየህ ዝም ብለህ እንዳታልፍ ያደርግሃል፤ ሲበዛ ጎጂ ነው፣ ግን ወሰን አለው፣ ሽማግሌም ይዳኘዋል። ሙድ መያዝ ዳኛ የለውም። ዛሬ የሚያስቀው ነገ አያስቅም፤ ነገ የሚያስቀውን ደግሞ ማንም ቀድሞ አይነግርህም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከኋላ ሆነህ ትሮጣለህ።

ሌላም ነገር ነበር። ፋሽኑ የሚደርሰን ከስልክና ከአዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እኛ ጣና ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር እንዴት እንደምትሞቅ የኖረባት ያውቃል። በዚያ ሙቀት ወፍራም ጅንስ ጭን ላይ አጣብቆ ሳይክል መንዳት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ማታ ሳወልቀው የስፌቱ መስመር ቆዳዬ ላይ ታትሞ ይቀር ነበር። ሽፍታ ወጣብኝ። ለማንም አልተናገርኩም። አራቱም እንደ እኔ ያሳክካቸው እንደነበር ያወቅኩት ከተመረቅን በኋላ ነው። አምስት ሰው፣ አምስት ሽፍታ፣ አንድም አፍ የለም።

ሱሪው ከመቀደዱ በፊት ሊያነቃኝ የሞከረ ሰው አልጠፋም። አንድ ቅዳሜ በጀልባ ዘጌ ሄድን፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም። በቡናው ጫካ መሀል ወደ ገዳሙ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች የሚሸጡ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ጉልበት ጉልበታችንን አንድ በአንድ አዩና ፊታቸው በርኅራኄ ተሞላ። «ልጆቼ፣ ምን አገኛችሁ? ውሻ ነው?»

«ፋሽን ነው እማማ» አለ አንዱ።

«እሱስ ይሁን። የሚሰፋላችሁ አጣችሁ?» አሉና ከመቀነታቸው ሥር መርፌ ሊያወጡ ጀመሩ። ቀልድ አልነበረም፤ ከልባቸው ሊሰፉልን ነው። ደጀ ሰላሙ ላይ ስንደርስ አብረውን በጀልባ ከመጡ ሴቶች ነጠላ ተውሰን እንደ ሽርጥ አገልድመን ገባን። ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሳሉት ቅዱሳን ሁሉ ሰፋፊ ልብስ ነው የለበሱት፤ እግራቸው እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። በሥዕል ቀናሁ። ስንመለስ ግን የሳቅነው በሴትየዋ ነበር፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ከዚያ የተማሪ «ዴዮች» ወቅት መጣ። ያልተማራችሁ ካላችሁ፦ ከለር ዴይ አለ፣ ክሬዚ ዴይ አለ፣ የባህል ልብስ ቀን አለ፤ ለእያንዳንዱ ገንዘብ ይዋጣል፣ ቲሸርት ይታተማል፣ ፎቶ ይነሣል። ለከለር ዴይ የታተመውን ቲሸርት አንድ ቀን ለብሼ፣ ቀለም ተረጭቶበት፣ ቤት አመጣሁት። እማዬ አጥባ ቆራርጣ የምጣድ ማሰሻ ልታደርገው አሰበች። እንጀራ ልትጋግር ምጣዱ ላይ ስታሳርፈው ጨርቁ ተኮማተረና ተጣበቀ። ቤቱ በላስቲክ ሽታ ታጠነ። «ለማሰሻ እንኳ የማይሆን ጨርቅ ነው ብር ከፍለህ የለበስከው?» አለችኝ። ምጣዱን ለማስለቀቅ ግማሽ ቀን ፈጅቶባታል፤ እስካሁን ታነሳብኛለች።

አባዬ ነገሩን ሰምቶ ሳቀ። እሱ በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል 27 ዓመት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከቲሸርቱ ቅዳጅ አንድ ክር መዘዘ፣ በወረንጦ ያዘው፣ ክብሪት ጫረ። ክሩ ቀለጠ፣ ጠቆረ፣ ሲበርድ እንደ ዶቃ ደረቀ። ከጋቢው ጫፍ ሌላ ክር መዘዘ፤ ያኛው እንደ ወረቀት ነደደ፣ ሽታውም የወረቀት ነው፣ የቀረውን አመድ በጣቱ ሲነካው በነነ። «ይሄ ጥጥ፣ ያ ፖሊስተር። ሁለቱም ከታየ ቅልቅል ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ስገዛ ከጫፉ አንድ ሁለት ክር ለምኜ ከሱቁ ውጭ፣ ጨርቁ ከሌለበት ቦታ አቃጥላለሁ። ሻጮቹ ይስቃሉ፤ ግን ክሩን ከልክሎኝ የሚያውቅ የለም።

ስለ ጫማዬ የተቀለደውን ቀልድ ለአባዬ ስነግረው ደግሞ እንዲህ አለ፦ «ፋብሪካው በምን የተሠራ መሰለህ? ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሳ እኮ ነው፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ። ከጣሊያን ጋር የመጣው ያንተ ጫማ ብቻ አይደለም፤ ያደግክበትም እንጀራ ነው።» ፖሊም ብትሆን በ1955 ዓ.ም. በሶቪየቶች ድጋፍ ስትከፈት ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ጨርቃ ጨርቅ ነበር፤ ዛሬም የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ተማሪዎች በከተማዋ ሞልተዋል። ጨርቅ በሚሠራበት ከተማ፣ ከጨርቅ ሠራተኛ ተወልጄ፣ የለበስኩት ከምን እንደተሠራ አላውቅም ነበር። ያሳፈረኝ ይሄ ነው። ከሱሪው መቀደድ ይልቅ።

የተቀደደውን ጅንስ ይዤ ገበያ አካባቢ በረንዳ ላይ ስፌት መኪና ዘርግተው ወደሚሠሩ ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ጋሼ ጅንሱን ገልብጠው አዩት፣ መልሰው ሰጡኝ።

«ልጠግነው እችላለሁ። ግን ወሩ ሳይሞላ ትመልሰዋለህ።»

«ለምን ጋሼ?»

«ላንተ አልተሰፋማ። ለቆመ ሰው ነው የተሰፋው። አንተ ደግሞ ትቀመጣለህ፣ ሳይክል ትነዳለህ።» ከዚያ «እስቲ ቁጢጥ በል» አሉኝ። ገበያ መሀል ቁጢጥ አልኩ። «ተነሳ። አሁን ሳይክል እንደያዝክ እጅህን ዘርጋ።» ዘረጋሁ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተወጠረ። «አየህ? ልብስ የሚለካው እንዲህ ነው፤ መስታወት ፊት ተገትሮ አይደለም።»

ከእሳቸው የተማርኩትን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም፤ ዋና ዋናውን ግን እነሆ። የተዘጋጀ ሸሚዝ ወይም ጃኬት ስትገዙ መጀመሪያ ትከሻውን እዩ፤ ስፌቱ የትከሻ አጥንታችሁ ጫፍ ላይ ካረፈ ወገቡንም እጅጌውንም ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል፤ ትከሻው ከወደቀ ግን ለማስተካከል የሚወጣው ወጪና ድካም ብዙ ነው። ሱሪ ላይ ወገብና ርዝመት ቀላል ናቸው፤ ከወገብ እስከ መቀመጫ ያለው ካጠረ ግን መድኃኒት የለውም፣ ተዉት። ስፋቱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ ጨርቅ ከተገኘ ለመካከለኛ ቁመት ሰው ሱሪ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ግዛ የሚላችሁን ምክንያቱን ጠይቁት። ጥጥ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ይደር፣ ይድረቅ፤ አለበለዚያ ከተሰፋ በኋላ ሲታጠብ ያጥራል። ቅምቅማቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ እንዲተውላችሁ ጠይቁ። ይሄ የመጨረሻው ሁለት ሱሪ አትርፎልኛል።

አባዬ ከሳጥን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ፣ ናፍታሌን የሚሸት የካኪ ጨርቅ አወጣልኝ። «አያትህ ቁምጣ ለብሶ ተራራ ይወጣ ነበር፤ አንድ ቀን ሲቀደድበት አላየሁም» አለ። እውነቱን ነው፣ የጎጃም ቁምጣ ሰፊ ነው፣ እግርን አይከለክልም። እኔ ቁምጣ ልለብስ ባልደፍርም ስፋቱን ወሰድኩ። የመጀመሪያው ሱሪ በጣም ሰፍቶ የቀኝ እግሩ የሳይክሉ ካቴና ውስጥ ገባና ግራሶ በግራሶ ሆነ። ጋሼ ከጉልበት በታች አጠበቡት። ከአቡጀዲ ደግሞ ነጭ ሸሚዝ፣ አጭር ኮሌታ፣ እጅጌው ሰፋ ያለ። ጨርቁና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ከጅንሱ ግማሽ ቢሆን ነው። ቡናማውን ጫማ ሶሉን አስቀየርኩት። ያንን ከጣሊያን ጋር የመጣውን ማለቴ ነው።

ሰኞ ጠዋት ካፌው በር ላይ ስደርስ አንድ አፍታ ፀጥታ ሆነ።

«ካድሬው መጣ!»

አንድ ጊዜ ነው የተባለው፤ ስም ሆኖ ቀረ። ካኪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ አሮጌ ጫማ፤ በእርግጥም የደርግ ዘመን ፎቶ ላይ ያለ ሰው እመስል ነበር። ሁለት ወር ያህል «ካድሬው፣ ዛሬ ውይይት አለ?» እየተባልኩ ኖርኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሦስት ጊዜ ወደ ጅንሱ ልመለስ ከሳጥን አውጥቼዋለሁ። አንዴ ለብሼው በር ድረስ ሄጃለሁ። ያቆመኝ ጀግንነት አይደለም፤ ሽፍታው ነው። ቆዳዬ ድኖ ነበር፣ መልሼ ላሳክከው አልፈለግኩም። ይህን የምላችሁ ብዙ ሰው «በራስህ ተማመን» ብሎ ስለሚያልፍ ነው። በራስ መተማመን ከየት ይመጣል? እኔ ጋ የመጣው ከምቾት ነው። የሚመቸኝን ነገር አንዴ ካገኘሁ በኋላ እምቢ ማለት ያን ያህል አልከበደኝም፤ በፊት የከበደኝ እምቢ ብዬ የምሄድበት ቦታ ስላልነበረኝ ነው።

ቀልዱን ያበረድኩት በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን አርፍደው መጡና እኔ ቀድሜ ተቀምጬ ነበር። «ስብሰባው ተጀምሯል» አልኳቸው፣ «ያረፈደ ግለ ሂስ ያድርግ።» ሳቁ። በዚያ ሳቅ ውስጥ እኔም እንደ እነሱ ነበርኩ፣ መሳቂያ አልነበርኩም። የተሰጣችሁን ስም ቀድማችሁ ስትይዙት ሌላው የሚይዘው ነገር ያጣል። ከዚያ በኋላ ስሙ ቀርቶ አያውቅም፣ ግን ጥርስ የለውም።

ስለ እምቢታ አነጋገር ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔ በፊት «ብር የለኝም» እል ነበር። መጥፎ መልስ ነው። ጓደኞችህ ጥሩ ልጆች ከሆኑ ያበድሩሃል፤ ከዚያ የማትፈልገው ጫማም ዕዳውም ያንተ ይሆናል። «አስብበታለሁ» ደግሞ ከዚያ አይሻልም፤ በየቀኑ «አሰብክበት?» ይሉሃል። ረጅም ማብራሪያም አይጠቅም፤ ምክንያት በደረደርክ ቁጥር እነሱ ደግሞ መፍትሔ ይደረድራሉ። በመጨረሻ የሠራልኝ ይሄ ነው፦ «እናንተን አምሮባችኋል፤ ለእኔ አይሆነኝም።» ከዚያ ወሬ መቀየር። ስለ ፈተናው፣ ስለ ኳሱ፣ ስለ ማንኛውም ነገር። ማሞገሱም የምር መሆን አለበት፤ በሽሙጥ ከተባለ ጠብ ነው።

እህቴ እዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ፣ ሥነ ልቦና የተማረች ናት፤ ብሯን ሳልመልስ በመቆየቴ ምክር የመስጠት መብት ገዝታለች። አንድ ማታ ስለ አንድ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነገረችኝ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ። ተማሪዎችን የአንድ ዘፋኝ ፎቶ ያለበት የሚያሳፍር ቲሸርት አልብሰው ሌሎች ተማሪዎች የተቀመጡበት ክፍል ያስገቧቸዋል። ለባሾቹ «ግማሽ ያህሉ ሰው አይቶኛል» ብለው ገመቱ፤ ያስተዋለው ግን ከሩብ አይበልጥም። «ሰው ሁሉ የየራሱን ሱሪ ነው የሚያስበው» አለችኝ። ጥናቱ ደስ ይላል፣ ግን ባሕር ዳር ላይ ልክ ነው ብዬ ሙሉ በሙሉ አላምንም። ሱሪዬ የተቀደደ ቀን እኔ ሽምብጥ ሳልደርስ እማዬ ወሬውን ሰምታ ነበር። ይልቅ የጠቀመኝ ሌላኛው ነው፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰሎሞን አሽ የሚባል ተመራማሪ የሠራው። አንድን ሰው በምሥጢር ከተስማሙ ሰዎች መሀል አስቀምጦ የመስመር ርዝመት ያስለካል። ሌሎቹ ዐይን እያየ የተሳሳተውን መስመር ሲመርጡ፣ ከተፈተኑት ሰዎች ከየአራቱ ሦስት ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ አብረው ተሳሳቱ። ከመሀላቸው አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ከተናገረ ግን አብሮ የመሳሳቱ ነገር በእጅጉ ቀነሰ። አንድ ሰው ብቻ።

የእኔው አንድ ሰው የመጣው ከአራቱ ውስጥ ነው፤ ያውም ስለ ጣሊያን የቀለደው። ሌሎቹ ሲሄዱ ወደ ኋላ ቀረና፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ያ ልብስ ሰፊ የት ነው ያልከኝ?» አለ። አልነገርኩትም ነበር። አብረን ሄድን። ጋሼ እሱንም ገበያ መሀል ቁጢጥ አስባሉት፤ ለእኔ ይህን ማየት ብቻውን የጅንሱን ዋጋ መለሰልኝ። ሁለት ስንሆን ነገሩ ሁሉ ቀለለ። ስለዚህ ሁሉንም ለማሳመን አትድከሙ። ከመሀላቸው ማን እንደሚያሳክከው ፈልጉ።

ጥፋቴንም ልናገር። ጥቂት ወር ሲያልፍ ሰባኪ ሆንኩ። የሁሉንም ልብስ እያየሁ «ፖሊስተር ነው»፣ «ትከሻው ወድቋል» ማለት አመጣሁ። አንድ ቀን ካፌ ውስጥ የአንዱን አዲስ ሸሚዝ ክር መዝዤ ክብሪት ጫርኩ። ልጁ ሸሚዙን ለልደቱ እናቱ የገዛችለት ነው። ዝም ብሎ አየኝና «እኛ በጫማህ አንድ ቀን ሳቅን፤ አንተ በየቀኑ ታቃጥለናለህ» አለ። የምመልሰው አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ክብሪቱንም ከኪሴ አወጣሁት።

ሁሉም ሙከራዬ እንዳማረልኝም አታስቡ። ለምርቃት «የራሴ ነገር» ብዬ ሁለቱም እጅጌው ሙሉ ጥለት የሆነ ረጅም ኮት አሰፋሁ። እህቴ በር ላይ አየችኝና «አንተ ነህ ወይስ መጋረጃው?» አለች። አሁን አዲስ ነገር ሳሰፋ አንድ ብቻ እቀይራለሁ፤ ሱሪው አዲስ ከሆነ ሸሚዙ የለመድኩት ይሆናል። ደግሞም ሦስት ቀን ሳልለብሰው አልፈርድበትም። በመጀመሪያው ቀን ከተማው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል፤ በሦስተኛው ቀን ልብሱን ረስቼው እውላለሁ። በሦስተኛውም ቀን ካልረሳሁት ለእኔ አይደለም፣ ለወንድሜ ይተላለፋል። ኮቱ አሥራ አንድ ቀን ሞክሬው አልተረሳም።

ሰው የለበሰውን ሁሉ አልለብስም ማለትም ሌላ በሽታ ነው። ለጥምቀት የሰፈራችን ልጆች አንድ ዓይነት ቲሸርት ሲያሳትሙ እኔም ከፍዬ ለበስኩ፤ ያውም ፖሊስተር። ከታቦቱ ፊት ምንጣፍ የምናነጥፈው እኛ ነን፤ ምንጣፉን ጠቅልለን ሮጠን ከፊት ስንዘረጋ ሕዝቡ አይቶን መንገድ ይልቀቅ ዘንድ አንድ መምሰል አለብን። ልብሱ ሥራ አለው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት እኔ የምሰማው እንዲህ ነው፤ ልብስ የሚለበስበት ቀን አለው። ሚዜ ስትሆኑም ሙሽራው ያለውን ትለብሳላችሁ፣ አበቃ፤ በሰው ሠርግ ላይ የራስ ስታይል የሚባል ነገር የለም። ራሴን የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ለብሼ ምን ልሠራበት ነው? መልሱ «እንዳይስቁብኝ» ብቻ ከሆነ ብሩን ኪሴ ውስጥ እተወዋለሁ።

ከተመረቅኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። አሁን ፋሽኑ ተገለበጠና ልጆቹ ሁሉ ሰፊ ሱሪ ለባሽ ሆነዋል። ባለፈው ጣና ዳር ሁለት ወጣቶች ካኪ ሱሪዬን አይተው «ብሮ፣ የት ነው የገዛኸው?» አሉኝ። ሳልቀየር ዘመኑ እኔን አገኘኝ፤ ነገ ደግሞ ጥሎኝ ይሄዳል።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድሜ ያንን ሰፊ ሱሪ ልግዛ ብሎ ብር ጠየቀኝ፤ ጓደኞቹ ሁሉ ገዝተዋል። ልናገር አፌን ከፈትኩና ካፌው ውስጥ የጫርኩት ክብሪት ትዝ አለኝ። ብሩን ሰጠሁት፣ የጋሼን በረንዳ አሳየሁት፣ ሌላ ምንም አላልኩም። በሳምንቱ ሱሪውን ይዞ መጣ። አረንጓዴ ነው፤ የምን አረንጓዴ እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፣ ከርቀት የሚጮኽ አረንጓዴ። ኪሶቹ አራት፣ አንዱ ጉልበቱ ላይ። ቤት መሀል ቁጢጥ አለ፣ ተነሳ፣ እጁን ዘረጋ፤ ጋሼ እሱንም አስተምረውታል። እማዬ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ከንፈሬን ነከስኩ።

አባዬ መነጽሩን አደረገ፣ ከቅምቅማቱ ሥር አንድ ክር መዘዘ፣ በወረንጦ ይዞ ክብሪት ጫረ። አመዱን በጣቱ አሸው።

«ጥጥ ነው» አለ።